የአራስነት ክፍያዬ ቆመ፤ ወደ ሥራ ልመለስ ወይስ ልጠብቅ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። በአንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ሙሉ ሰዓት ስሠራ ሦስት ዓመት አለፈኝ። የመጀመሪያ ልጃችንን በኦፕሬሽን ከወለድኩ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነኝ። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ከኢዲዲ (ከካሊፎርኒያ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የዲስኤቢሊቲ፣ ማለትም በሕመም ወይም በወሊድ መሥራት ለማይችል የሚሰጥ፣ ገንዘብ ይገባልኝ ነበር። ያ ሲያልቅ በማግስቱ የፋሚሊ ሊቭ (ከተወለደ ልጅ ጋር ለመሆን የሚከፈልበት ፈቃድ) ማመልከቻ በኢንተርኔት ሞላሁ፤ ባለቤቴ ቀደም ሲል የሞላውን ዓይነት። ከሳምንት በኋላ ‹በሳምንት 810 ዶላር› የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ተፈቀደልኝ ብዬ እልል አልኩ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሞላ፣ አንድ ሳንቲም አልገባም። አካውንቴን ስከፍተው ‹ፔንዲንግ› ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።

ባለቤቴ ቀን አየር ማረፊያ አካባቢ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ኡበር ይነዳል። ልጁ እንደተወለደ ከፓርኪንጉ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ነበር። ማመልከቻውን የሞላለት ታክስ የሚሠራልን ሰው ነው። ከወር በፊት ‹የአባትነት ማስረጃ ላክ› የሚል ደብዳቤ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ‹መንግሥት ከምለምን ሁለት ሌሊት ጨምሬ ብነዳ ይሻለኛል› ይላል። ባነሳሁት ቁጥር እንጣላለን።

እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ የምትመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ክርስትናውን ያነሳነው ተበድረን ነው። የሚቀጥለው ወር ኪራይ ግማሹ ብቻ አለን። ዕቁብ አለኝ፣ ዕጣዬ ግን ገና አልወጣም። ሱፐርቫይዘሬ ደውላ ‹ሰው ስላጠረን ሰኞ ሌሊት ግቢ› አለችኝ። እውነቱን ለመናገር በሽተኛ ሳነሳ ቁስሌ ምን ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ሌሊት ልጁ ተኝቶ እኔ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ልመለስ ወይስ ልጠብቅ?

ግራ የገባት አራስ»

ውድ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

መልሴን ላስቀድም፦ ሰኞ አትግቢ። ማመልከቻው ከተፈቀደ ክፍያው የሚሰላው ፈቃድሽ ከጀመረበት ቀን ነው፤ የዘገዩት ሦስት ሳምንታት አብረው ይከፈላሉ። በሳምንት 810 ከሆነ እስካሁን የተጠራቀመው 2,430 ዶላር ነው። በጭንቀት ተነስተሽ ብትገቢ ግን የሠራሽባቸውን ቀናት ማሳወቅ ይኖርብሻል፣ የተንጠለጠለው ማመልከቻም ይብስ ይወሳሰባል። ዝም ብለሽ ጠብቂ ማለቴ አይደለም። ሦስት ሳምንት የቆመ ነገር የሆነ ቦታ ተይዟልና ቦታውን ፈልገን እናግኘው።

ከገንዘቡ በፊት ግን ስለ ዕንባሽ ልጠይቅሽ። ሌሊት ማልቀሱ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው? ልጁ ሲተኛ እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ ይበላልሻል? ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታከም ሕመም ነው፤ የእምነት ማነስም የእናትነት ጉድለትም አይደለም። በዚህ ሳምንት ለማህፀን ሐኪምሽ ደውዪና ቁስሉንም ዕንባውንም አንድ ላይ ንገሪያት። በ1-833-852-6262 ለእናቶች የተዘጋጀ ነፃ የስልክ መስመር አለ፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራስሽን ወይም ልጁን ለመጉዳት የሚገፋ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ እናትሽን ቀስቅሺና 988 ወይም 911 ደውዪ።

ሐኪምሽ የምትለው ነገር በክፍያሽም ላይ ለውጥ ያመጣል። በካሊፎርኒያ በኦፕሬሽን ለወለደች ሴት ዲስኤቢሊቲ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስምንት ሳምንት፣ በምጥ ለወለደች ስድስት ሳምንት ይሰጣል። ይህ ግን የተለመደው ልክ እንጂ ጣሪያው አይደለም። ቁስሉ ካልጠገገ ወይም ጭንቀቱ ሥራ የሚከለክል ከሆነ ሐኪሟ ልታራዝመው ትችላለች። ከመጨረሻው የዲስኤቢሊቲ ክፍያ ጋር ዲኢ 2525ኤክስኤክስ የሚባል፣ በሐኪም የሚሞላ የማራዘሚያ ፎርም ይላካል፤ ፈልጊው። ዲስኤቢሊቲው ከተራዘመ ስምንቱ የፋሚሊ ሊቭ ሳምንታት ሳይነኩ ለኋላ ይቆዩልሻል። ለአንድ ቀን ከሁለቱም መቀበል አይቻልም፤ ስለዚህ ሐኪሟ ከተስማማች የፋሚሊ ሊቩ መጀመሪያ ቀን እንዲስተካከል ለኢዲዲ ንገሪ።

አሁን ወደ ማመልከቻው። እልል ያሰኘሽ ደብዳቤ የሒሳብ ማሳወቂያ ነው፤ ቁጥሩ ዲኢ 429ዲ ነው። የሚነግርሽ «ብቁ ሆነሽ ከተገኘሽ በሳምንት ይህን ያህል ታገኛለሽ» ብቻ ነው። ተፈቅዷል አይልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቢሆንም አትጣዪው፤ በውስጡ የተዘረዘረውን የአሠሪሽን ስምና ደሞዝ ከፔይ ስታብሽ ጋር አመሳክሪ። 810 ዶላር የሚመጣው ከፍተኛ ገቢ ባገኘሽበት ሩብ ዓመት ወደ 11,700 ዶላር ከነበረሽ ነው፤ ለ13 ሳምንት ሲካፈል 900፣ የዚያ 90 በመቶ 810። የሚታየው ማመልከቻው ከመጀመሩ ከ5 እስከ 18 ወር በፊት የነበረው ደሞዝ ስለሆነ በቅርቡ የተጨመረልሽ አይቆጠርም። ያኔ ሌላ ቦታም ትሠሪ ከነበረና ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ደብልዩ-2ውን ላኪላቸው።

ጉዳይሽ የቆመበትን ቦታ ልገምት። «ባለቤቴ የሞላውን ዓይነት» ያልሽው ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው። ባልሽ አዲስ አመልካች ስለሆነ መደበኛውን ፎርም መሙላቱ ትክክል ነው። ከወሊድ ዲስኤቢሊቲ ወደ ፋሚሊ ሊቭ የምትሸጋገር እናት ግን የራሷ አጭር ፎርም አላት፤ ዲኢ 2501ኤፍፒ ይባላል። የመጨረሻው የዲስኤቢሊቲ ክፍያ ሲወጣ ኢዲዲ ራሱ ይልከዋል። በኢንተርኔት የምትጠቀሚ ከሆነ የሚመጣው ኤስዲአይ ኦንላይን በሚባለው የኢዲዲ ድረ ገጽ ውስጥ ወዳለው የመልእክት ሳጥንሽ ነው፤ የቤት ፖስታሽን ብቻ ስትጠብቂ አልፎሽ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ገብተሽ እዪ። ፎርሙ እዚያ ተቀምጦ ከሆነ ግን እንዳየሽው አትላኪው፤ ሁለት ማመልከቻ ለአንድ ጊዜ መግባቱ ራሱ ሊያዘገይ ይችላል። መጀመሪያ ደውለሽ «መደበኛውን ሞልቼ ነበር፤ እሱ ይሰረዝ ወይስ በእሱ ይቀጥላል?» ብለሽ ጠይቂ። የማመልከቻ ጊዜው ፈቃዱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ 41 ቀን ነው። አንቺ ወደ 21ኛው ቀን ላይ ነሽ። ጊዜ አለሽ፤ ለነገ የሚባል ግን አይደለም።

ፎርሙ ችግር ከሌለበት ደግሞ ሌላ የሚጠረጠር አለ። አንቺ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ብለሽ የጻፍሽውና አሠሪሽ ለኢዲዲ የመለሰው ቀን ላይስማሙ ይችላሉ። ከመውለድሽ በፊት የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድሽን ወስደሽ ከነበረ ክፍያ ቢሮው ያንን እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮት ይሆናል። ማንነትሽን የሚያረጋግጡበት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ሊሆንም ይችላል። አድራሻሽ ላይ የአፓርታማ ቁጥር ጎድሎ ደብዳቤው ተመልሶም ይሆናል። የስም አጻጻፍም አለ፤ እንደ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ያሉ ስሞች ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ አንድ ላይ፣ ፔይ ስታብ ላይ ተለያይተው ሲጻፉ ኮምፒዩተሩ የሚያየው ሁለት ሰው ነው። በሁሉም ቦታ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፣ ፊደል በፊደል።

የፋሚሊ ሊቭ ስልክ 1-877-238-4373 ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት 8 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር እንደተከፈተ ብትሞክሪ ይሻላል። ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር ፕሊዝ» በዪ፤ አስተርጓሚው ያለ ክፍያ ነው። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም እንኳ በዚህ ድካምሽ ላይ በራስሽ ቋንቋ መናገር ያግዝሻል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን፣ የማመልከቻ ቁጥርሽን፣ የአሠሪሽን ስም ደብልዩ-2 ላይ እንዳለው፣ የመጨረሻ የሥራ ቀንሽን አጠገብሽ አድርጊ። «መቼ ይከፈለኛል?» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ቆይ» የሚል መልስ ነው የምታገኚው። «ፋይሌ ላይ ያልተዘጋ ጉዳይ አለ? ከእኔ ነው፣ ከአሠሪዬ ነው ወይስ ከእናንተ የሚጠበቀው? የላካችሁልኝና ያልመለስኩት ፎርም አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረሽን ሰው ስም ጻፊ።

ኢዲዲ የተሟላ ማመልከቻ በእጁ ከገባ በኋላ በ14 ቀን ገደማ ለመወሰን ነው የሚሠራው። የጎደለውን ሞልተሽ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ሰፈርሽ የስቴት አሴምብሊ ተወካይ ወይም ሴናተር ቢሮ ደውዪ። ዋሽንግተን ያለውን ኮንግረስማን ማለቴ አይደለም፤ ሳክራሜንቶ የሚቀመጠውን ነው። እነዚህ ቢሮዎች በኢዲዲ የተጉላሉ ነዋሪዎችን ጉዳይ ዕለት ተዕለት ይከታተላሉ። የፈቃድ ወረቀት አስፈርመውሽ በውስጥ መስመር ይጠይቁልሻል፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ ዜግነትም አያስፈልግም። «እኔ አፋጥንልሻለሁ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅሽን ሰው ግን አትስሚ።

ስለ ሱፐርቫይዘርሽ፦ ኢዲዲ የሚሰጥሽ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሥራሽን የሚጠብቅልሽ ሌላ ሕግ ነው። ሲኤፍአርኤ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት 12 ወር ለቆየችና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ለሠራች እናት ከልጇ ጋር የምትሆንበት 12 ሳምንት ይሰጣል፤ የሥራ ቦታዋም ይጠበቅላታል። ይህ ለወሊዱ ከታመምሽበት ጊዜ በተጨማሪ ነው። ሙሉ ሰዓት ሦስት ዓመት የሠራሽ ስለሆንሽ በእርግዝና የቀረሽባቸው ወራት እንኳ ቢቀነሱ ሰዓቱን ሳትሞዪ አትቀሪም፤ ፔይ ስታብሽ ላይ ደምሪው። እንድትገቢ መፈለጓ የእሷ ችግር ነው፣ የሰው እጥረቱም እውነት ይሆናል፤ ግን በስልክ «እሺ» ብለሽ እንዳትዘጊ። ለእሷም ለኤችአርም «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሲኤፍአርኤ ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚል አጭር ኢሜይል ላኪ። ቀደም ሲል የፈረምሽው የፈቃድ ወረቀት ላይ የመመለሻ ቀን ካለ እሱን አይተሽ ጻፊ። ካስቸገሩሽ የካሊፎርኒያ ሲቪል ራይትስ ዲፓርትመንት አቤቱታ ይቀበላል፤ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሊጋል ኤይድ አት ወርክም ስለ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ በነፃ ያማክራል።

ኪራዩ በጣም ካስጨነቀሽ መሃል መንገድ አለ። ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ፣ ሐኪምሽም ካልከለከለችሽ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ሠርተሽ ለቀረው ፋሚሊ ሊቭ መቀበል ይቻላል፤ የሠራሽውን በትክክል ማሳወቅ ብቻ ነው። አሁን፣ ፋይሉ ሳይፈታ ግን አልመክርሽም።

ወደ ባልሽ ልምጣ። «ልመና» ያለው ቃል ከየት መጣ ብለሽ ታስቢያለሽ? ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ መንገድ ላይ ያለ ሰው ልጁን የሚያየው ተኝቶ ነው፤ ያን ሁሉ እየለፋ ኪራዩ ሲጎድል የሚሰማውን ሐፍረት በሥራ ብቻ ሊያጥበው ፈልጎ ይሆናል። ስለዚህ ክርክር አትክፈቺ። የሚያርፍበትን ቀን ጠብቂና የፓርኪንጉን ፔይ ስታብ አውጥተሽ ‹ሲኤ ኤስዲአይ› የሚለውን መስመር አብራችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከእያንዳንዱ ደሞዝ 1.2 በመቶ ይቆረጥ ነበር። በየክፍያው ሲከፍለው የኖረ መድን ነው፤ ይህ ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ ቆሞ ያለው ከሠራተኛው ደሞዝ በሚቆረጠው በዚያ ገንዘብ ነው። ከዚያ «ደብዳቤውን አብረን እንክፈተው?» በዪው፤ ሌላ ነገር አትጨምሪ።

ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የመልስ ጊዜው አልፎም ቢሆን ማስረጃውን አሁን ላኩ። መከልከያ ደብዳቤ መጥቶ ከሆነ ደግሞ ከተላከበት ቀን አንስቶ 30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ቢያልፍም ያዘገየውን ምክንያት ጽፎ መጠየቅ ይሻላል። ከአንቺ ያልጠየቁትን ከእሱ የጠየቁት ስለጠረጠሩት አይደለም፤ የአንቺን መውለድ ሐኪምሽ አስቀድማ አረጋግጣለች፣ የእሱን አባትነት ግን የሚያሳይ ወረቀት ገና አልደረሳቸውም። የልጁ የልደት ሰርቲፊኬት ይበቃል። የእኛ አጠራር እዚህ ላይ ያደናግራል፦ የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ የመጀመሪያ ስም ስለሆነ የሦስታችሁም የመጨረሻ ስም አይገጥምም። የሚያገናኛችሁ «አባት» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው ሙሉ ስሙ ነው፤ ማመልከቻው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከሰርቲፊኬቱ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ የአባቱን የመጀመሪያ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል።» ሰርቲፊኬቱ ላይ የአባት መስመር ባዶ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀስ ብለሽ ጠይቂው። ማመልከቻውን የሞላው የታክሱ ሰውዬ የማንን ኢሜይልና ስልክ አስገባ? የራሱን ከሆነ መልእክቱ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ባልሽ ይዛወር፣ የይለፍ ቃሉም ይቀየር። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ማታ ኡበር ነድቶ ነበር? ነድቶ ከሆነ ሳይጠየቅ ደውሎ ይንገራቸው። ክፍያው ሊቀንስ ይችላል፤ ተደብቆ በኋላ ሲገኝ ግን የተከፈለው ከነቅጣቱ ይመለሳል። የኡበሩ ገቢ በራሱ ለፋሚሊ ሊቭ አያበቃም፣ ተቀናሽ ስለሌለው፤ የሚያበቃው የፓርኪንጉ ነው።

ለኪራዩ ወሩ ሳይገባ ለአከራያችሁ በጽሑፍ ንገሩት፦ ያላችሁን ግማሽ ክፈሉ፣ የ810ሩን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ፣ ቀሪውን የምትከፍሉበትን ቀን ጻፉ። የእርዳታ መጠቆሚያ ወደሆነው ስልክ 211 ደውላችሁ የኪራይ እርዳታ ጠይቁ። ዊክ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ፕሮግራም ለአንቺም ለልጁም ምግብ ይሰጣል፤ ገቢያችሁ በቀነሰበት በዚህ ወቅት ማመልከት ተገቢ ነው። ዕቁቡን በተመለከተ ዳኛውን አነጋግሪ፤ ለአራስ ዕጣ መቀያየር በየዕቁቡ የሚታወቅ ነገር ነው፣ የሚፈቅድልሽ ሰው አታጪም። ፔይዴይ ሎን ግን አትንኩ። ገንዘቡ ሲገባም ሁሉንም አታጥፉት፤ ፋሚሊ ሊቭ ለፌደራል ታክስ ይቆጠራል፣ ለካሊፎርኒያ ግን አይቆጠርም።

እናትሽ የምትሄድበትን ቀን ካየሽው፣ የአንቺ ስምንት ሳምንት የሚያልቅበት ቀን ነው። ባልሽ ደግሞ ከስምንቱ ሁለቱን ብቻ ስለተጠቀመ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስድስት ሳምንት አለው። እሷ ስትሄድ አንቺ ወደ ሥራ፣ እሱ ወደ ልጁ ቢሆን ልጃችሁ አምስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሌላ ሰው እጅ አይገባም፤ እሱም ሌሊት ሳይነዳ የልጁን ፊት ነቅቶ ያያል። መጀመሪያ እሱም 12 ወርና 1,250 ሰዓት መሙላቱን አረጋግጡ። ለአሠሪ ከ30 ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋልና፣ ከተስማማችሁ የፓርኪንጉ ኢሜይል በዚህ ሳምንት ይላክ።